የተማራችሁት የት ተጽፏል?



 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየመስጂዱ ግቢ ሁሌም የሚወራ፣ ግን እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ ነው። ነገሩ የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ጉዳይ ይመስላል። ሲጎድል ግን የአንድን ወጣት አሥር ዓመት ይዞ ይጠፋል።

አንድ ደረሳ እናስብ። በ9 ዓመቱ ቁርኣን ሊቀራ ከቤቱ ወጣ፤ ኸተመ። ከዚያ ለፊቅህ ወደ ሌላ ሸይኽ ሄደ። ሰፊናን ጨርሶ አቢ ሹጃዕን ቀራ። ነህው በደንብ የሚያቀሩ ሸይኽ ሌላ አገር አሉ ሲባል ስንቁን ይዞ ተሻገረ፤ አጅሩሚያን ጨረሰ፣ ከአልፊያም ግማሹን ቀራ። አሁን 20 ዓመቱ ነው። ከተማ ገብቶ ሥራ ልያዝ ወይም ትምህርቴን ልቀጥል ሲል የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?»

መልስ የለውም። የመጀመሪያው ሸይኹ ወደ አኺራ ሄደዋል። የሁለተኛው ስልክ የላቸውም። ሦስተኛው ያስታውሱታል፤ ግን መቼ እንደመጣ፣ የትኛውን ኪታብ እስከ የትኛው ባብ እንደቀራ የተጻፈ ነገር የለም። 11 ዓመት ተምሯል፤ በወረቀት ግን አንድም ቀን አልተማረም።

እንዲህ ዓይነቱን ወጣት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ናችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ መድረሳ የምትሄዱ ናችሁ፤ የጠዋቱ በካርድ ይመዘገባል፣ የዐስሩ ግን ከአእምሯችሁ ሌላ መዝገብ የለውም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚገኝ ዕውቀት ሁሉ መመዝገብ አለበት፤ መዝገቡም የተማሪው ሐቅ ነው።

*ኢኽላስስ?*

ይህን ስንናገር መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «ኢልም ለአላህ ብሎ ነው እንጂ ለወረቀት አይደለም» የሚል ነው። ልክ ነው። ለወረቀት ብሎ የቀራ ሰው ድካሙ ከንቱ እንዳይሆን ይፈራል። ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሰው የሚያሰላው ኒያውን ነው፤ የምንጽፈው ደግሞ ሥራውን ነው። ሶላት የሚሰግድ ሰው ስንት ረከዓ እንደሰገደ ይቆጥራል፤ መቁጠሩ ለሰው ይዩልኝ አያሰኘውም። ዘካ የሚያወጣ ነጋዴ ሒሳቡን ይጽፋል፤ ስለጻፈ ኢኽላሱ አይጎድልም።

ደግሞ በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አያ ስለምን እንደሆነች የማያውቅ ደረሳ የለም። በሱረቱል በቀራ ያለችው የብድር አያ ናት። ብድር እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች እንዲኖሩ፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰላች ታዛለች። ለጥቂት ብር ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከታዘዘ፣ ከአንድ ልጅ ዕድሜ ላይ አሥር ዓመት የወሰደ ነገር ሳይጻፍ ሲቀር ምን ሊባል ነው? ወላጅ ልጁን ለኡስታዝ ሲሰጥ አማና ሰጥቷል። አማና ሲመለስ በቁጥር ይመለሳል።

*ይህ የፈረንጅ ነገር አይደለም*

አንዳንድ ወንድሞች ምዝገባ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ጣጣ ይመስላቸዋል። ታሪካችንን ለሚያይ ግን የተማሪን ትምህርት አጥብቀው ከመዘገቡት መካከል የእኛው ዑለማ ናቸው።

በ12ኛው፣ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የሐዲስ ኪታብ በሐለቃ ሲነበብ፣ በኪታቡ ገጽ ላይ «ሰማዕ» የሚባል መዝገብ ይጻፍ ነበር። ማን እንዳነበበ፣ በየትኛው ሸይኽ ፊት፣ በየትኛው መስጂድ ወይም መድረሳ፣ በየትኛው ቀን፣ እነማን ተቀምጠው እንደሰሙ በስም ይዘረዘራል። ዘግይቶ የመጣ ወይም አንድ ክፍል ያመለጠው ሰው ካለ እሱም ይጻፋል። ሕፃናት ሳይቀሩ ከነዕድሜያቸው ይመዘገቡ ነበር። ጥንቃቄው እስከዚህ ድረስ ነበር፦ 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ «ተገኘ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «ሰማ» አይባልም ነበር። ያልገባው ልጅ እንደገባው ተደርጎ እንዳይጻፍለት ነው። ከእነዚህ መዝገቦች በሺዎች የሚቆጠሩ እስከ ዛሬ አሉ። ከ700 ዓመት በፊት የነበረ አንድ ተራ ተማሪ በየትኛው ቀን የትኛውን ኪታብ እንደሰማ ዛሬ ይታወቃል። የአምናው ደረሳ ግን አይታወቅም፤ ሱብሓነላህ!

በአንደሉስም እንዲሁ ነበር። በ575 ዓመተ ሒጅራ (1179) የሞቱት የሴቪያው ዓሊም ኢብኑ ኸይር «ፈህረሳ» የሚባል መጽሐፍ ትተው አልፈዋል። በዕድሜያቸው የቀሩትን ኪታብ ሁሉ፣ ከማን እንደወሰዱትና የዚያ ሸይኽ ሰነድ ወደ ማን እንደሚደርስ እየዘረዘሩ ጽፈውታል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት ብሎ የሚሰጠውን ወረቀት እሳቸው ራሳቸው ለራሳቸው ሠርተውታል። ኢብኑ ሐጀር አልዐስቀላኒም የቀሩትን በዚህ መልክ አዘጋጅተው አስቀምጠዋል።

በአገራችንም ኢጃዛ የማይታወቅ ነገር አይደለም። በወሎ እንደ ዳናና ጃማ ንጉሥ ያሉ የቂርአት ማዕከላት ደረሳ ከሩቅ አገር የሚጎርፍባቸው ነበሩ። ሸይኹ የወደደውን፣ የፈተነውን ደረሳ «ሂድና አቅራ» ብሎ ይፈቅድለታል። ችግሩ ኢጃዛ የሚመጣው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። መንገድ ላይ የቀረው፣ ኪታቡን ግማሽ ላይ ያቆመው፣ ወላጁ ታሞበት የተመለሰው ደረሳ ምንም አይዝም። ከመቶ ደረሳ ዓሊም ሆኖ የሚወጣው ጥቂት ነው። የቀሩትስ ያ ሁሉ ዓመት ባዶ ነው እንዴ?

*ቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች*

በዚህ ዘመን ይህን ጉዳይ በደብተር የፈቱ ሰዎች አሉ። ሩቅ አገር ናቸው፤ ግን ከእኛ ወገን የሆኑም አብረዋቸው ይኖራሉ።

በአሜሪካ ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ልጆቻቸው ቁርኣን እንዲሐፍዙ ብለው አንድ ሁለት ዓመት ወይም እስከ 12ኛ ክፍል ቤት የሚያስተምሩ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ሕጉ በየግዛቱ ይለያያል። ቴክሳስ ወላጅ እንዲመዘገብ እንኳ አይጠይቅም። ኒውዮርክ ደግሞ የዓመቱን ዕቅድና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠይቃል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ልጁን ቤት እንደሚያስተምር ያሳውቃል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ቀጣዩ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን በፈተና ውጤት ወይም ብቃት ባለው ሰው ግምገማ ያሳያል።

ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለኮሌጅ ይታያል። አባትና እናት እንደ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር መሆን አለባቸው። የሚቆጥሩት በክሬዲት ነው። ከ1906 ጀምሮ በሚሠራበት መለኪያ፣ አንድ ትምህርት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 120 ሰዓት ከተሰጠ አንድ ክሬዲት ይሆናል። ስለዚህ እናትየው ደብተር ትይዛለች። የትምህርቱን ስም፣ የተማሩበትን መጽሐፍ፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የልጁን ውጤት ትጽፋለች። የልጁን ድርሰትና ፈተና በፋይል ታስቀምጣለች። ዐረብኛ እንደ ውጭ ቋንቋ ይቆጠራል፤ የቁርኣን ሒፍዝም በምርጫ ትምህርት ውስጥ የሚገባበት መንገድ አለ። አራት ዓመት ሲሞላ ያ ደብተር በአንድ ገጽ ተጠቃልሎ ትራንስክሪፕት ይሆናል፤ ኮሌጆችም ይቀበሉታል።

እስኪ በዚህ ሒሳብ የእኛን ደረሳ እንቁጠረው። በቀን 2 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት ነህው የቀራ ልጅ 400 ሰዓት ተምሯል። ይህ ከሦስት ክሬዲት በላይ ነው፤ ከአንድ ትምህርት ብቻ! ፈራኢድ የቀራው ደግሞ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ እያለ ውርስ ሲያከፋፍል ክፍልፋይን ከብዙ ተማሪ በተሻለ ያውቃል። ዕውቀቱ አለ። የጠፋው ደብተሩ ነው።

ከእነዚያ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ነገር እንማር። ኮሌጅ የእናትን ማርክ ብቻ አያምንም። «ለልጇ ምን ትሰጣለች?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ብልሆቹ ከውጭ ምስክር ይጨምራሉ፤ ልጁ ሁሉም ተማሪ የሚፈተነውን እንደ ኤስኤቲ ያለ ፈተና ይፈተናል፣ ወይም በአካባቢው ኮሌጅ አንድ ሁለት ትምህርት ወስዶ ውጤት ያመጣል። ደብተሩና ምስክሩ ሲደጋገፉ ጥርጣሬ ይነሳል። የብድሯ አያም ከጸሐፊው ቀጥላ ምስክር የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

*ምን እንጻፍ?*

ወጪ የለውም። ለእያንዳንዱ ደረሳ አንድ ደብተር በቂ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ስሙ እስከ አያት፣ የትውልድ ዓመቱና ቦታው፣ የመድረሳው ስምና የገባበት ቀን ይጻፍ። ስሙ መታወቂያው ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። ሙሐመድ አንዱ ቦታ መሐመድ፣ ሌላው ቦታ ሙሀመድ ተብሎ ሰው ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ሁላችንም አይተናል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ኪታብ አንድ ገጽ ይሰጥ። የኪታቡ ስም፣ ያቀራው ኡስታዝ፣ የጀመረበትና የጨረሰበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ቀን ለስንት ሰዓት እንደቀራ፣ ካልጨረሰም እስከ የትኛው ባብ እንደደረሰ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ኡስታዙ ይፈርም። ሌላ ኡስታዝ ደግሞ ደረሳውን ሩብ ሰዓት ጠይቆት ያገኘውን ጽፎ ይፈርም። የሒፍዝ ከሆነ ስንት ጁዝ እንደሐፈዘ ብቻ ሳይሆን መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንዳሰማም ይጻፍ፤ የተረሳ ሒፍዝ ሒፍዝ ሆኖ እንዳይቆጠር።

ደብተሩን በየወሩ በስልክ ፎቶ አንሱት። ወደ ራሳችሁም ወደ ቤተሰብም ላኩት። ደብተር ይቃጠላል፣ ዝናብ ይገባዋል፣ ይሰረቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ያልቀራችሁትን ሰዓት አትጨምሩ። ኡስታዝም ለሚወደው ደረሳ ብሎ ያልጨረሰውን «ጨርሷል» ብሎ አይፈርም። የሐሰት ምስክርነት ከትልልቆቹ ወንጀሎች ነው። ከዱንያም አንጻር አንድ የተጋነነ ደብተር ሲገኝ የመቶዎቹ እውነተኛ ደብተር ዋጋ ያጣል። የደማስቆዎቹ ሰዎች ለ4 ዓመት ልጅ «ሰማ» ብለው ላለመጻፍ የተጠነቀቁትን እናስታውስ።

*ደብተሩ የማያደርገው*

እውነቱን እንነጋገር። በእኛ አገር ይህን ደብተር ይዞ 9ኛ ክፍል ልግባ ያለ ወጣት አይሳካለትም። ትምህርት ቤት የሚጠይቀው የክፍል ውጤት ካርድና መሸኛ ነው። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ደብተር አይተካውም። ስለዚህ «እኔ ኪታብ እቀራለሁ፣ ትምህርት ቤት አያስፈልገኝም» ለሚል ወጣት ይህ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆነውም። የማታ ትምህርት አለ። በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ከትምህርት ቤት ውጭ የቀሩ ልጆች የሚገቡበት መንገድም አለ። ከተማ ውስጥ ያለ ደረሳ ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ይችላል፤ የሚያደርጉም አሉ፣ አላህ ይጨምርላቸው።

ታዲያ ደብተሩ ለምን ይጠቅማል? መጀመሪያ ከመድረሳ ወደ መድረሳ ለሚዛወር ደረሳ ነው። አዲሱ ኡስታዝ ከአሊፍ አያስጀምረውም። ሁለተኛ መድረሳ ለማስተማር ወይም በመስጂድ ለማገልገል ለሚፈልግ ነው። የመስጂድ ኮሚቴ «ማን ያውቀዋል?» ከማለት ደብተሩን ያያል። ሦስተኛ ለውጭ ትምህርት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ይሳሳታል። የሃይማኖት ዩኒቨርሲቲ ወረቀት የማይጠይቅ ይመስለዋል። በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የመዲናው እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይጠይቃል፤ የዕድሜ ገደብ አለው፣ የሚያውቁህ ሰዎች የሚጽፉልህን የድጋፍ ደብዳቤም ይፈልጋል። አልፊያን በቃሉ የያዘ ወጣት ከደጁ የሚመለሰው በኢልም ማነስ ሳይሆን በወረቀት ማጣት ነው። ደብተር ያለው ልጅ ግን ቢያንስ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሸይኽ «ይህን ልጅ አስታውሰዋለሁ» ከማለት አልፎ በቀንና በኪታብ ስም ይመሰክርለታል።

አራተኛው ጥቅም ለወላጅ ነው። ልጁ በአንድ ኪታብ ላይ ሦስት ዓመት ሲቆም ወላጅ የሚያውቀው እንዴት ነው? ደብተሩ ይናገራል። ደካማ መድረሳም፣ ሰነፍ ደረሳም መደበቂያ ያጣል። ምናልባት አንዳንዱ ምዝገባን የማይወደው ለዚህም ይሆናል።

በተለይ ስለ እህቶቻችን እንናገር። ወንዱ ቢያንስ ሐለቃ ላይ ተቀምጦ ሰው ያየዋል። ቤት ውስጥ ከኡስታዛ ዘንድ፣ ወይም ከእናቷና ከአክስቷ የቀራችው ልጅ ግን ከግድግዳው በቀር የሚመሰክርላት የላትም። አግብታ ሌላ ከተማ ስትሄድ ዕውቀቷ አብሯት ይሄዳል፤ ግን «መድረሳ ላስተምር» ብትል ማን ያምናታል? ደብተር ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

*ጥሪያችን*

የዕደ ጥበብ ሰው ዕድል አግኝቷል። ጋራዥ ውስጥ በልምድ ያደገ መካኒክ ወይም ብየዳ የለመደ ልጅ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለውን ተፈትኖ ማረጋገጫ የሚያገኝበት አሠራር በአገራችን አለ። የት ተማርክ ከሚለው ይልቅ ምን ትችላለህ የሚለው ይታያል። በመድረሳ ለሚሰጠው የዐረብኛ ቋንቋ፣ ለንባብና ለሒሳብ ችሎታ ተመሳሳይ በር የማይከፈትበት ምክንያት አይታየንም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ገለልተኛ ነውና ስለ ዐቂዳ ማርክ ይስጥ አንልም። ቋንቋና ሒሳብ ግን የትም ቢማሩት ቋንቋና ሒሳብ ነው። ጉዳዩ የእኛ ብቻም አይደለም፤ በቄስ ትምህርት ቤት ቅኔ ሲማሩ የሚያድጉ የአገራችን ልጆችም ተመሳሳይ ጥያቄ አለባቸው።

መጅሊሳችን በ2012 በአዋጅ የሕግ ሰውነት አግኝቷል። በየከተማው ላሉ መድረሳዎች አንድ ዓይነት የመዝገብ ቅጽ ማዘጋጀት ከአቅሙ በላይ አይደለም። በአንድ ቅጽ የተመዘገቡ ደረሳዎች ሲኖሩ ነው ትምህርት ቢሮ ሄዶ «እኩያ ይሰጠን» ማለት የሚቻለው። ቢሮ ስሜትን አያስተናግድም፤ የሚያስተናግደው ፋይል ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎች! በዓመት አንድ ደርዘን ደብተር መግዛት ከምንጣፍ ማጠቢያ አይበልጥም። የከተማ ወጣቶች! እናንተ ኮምፒውተር ትችላላችሁ፤ ኡስታዙ ጊዜ የለውም። ከጁሙዓ በኋላ ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ የመድረሳውን ደረሳዎች ስም፣ የሚቀሩትን ኪታብና ቀኑን በኤክሴል ብታስገቡ ለዓመታት የሚተርፍ ሰደቃ ነው።

አንተ ደረሳው፣ አንቺም እህቴ፣ ኮሚቴውንም ቢሮውንም አትጠብቁ። ዛሬ ከዒሻ በኋላ ደብተር ግዙ። ሸይኾቻችሁ በሕይወት እያሉ ሄዳችሁ ያቀሯችሁን አስፈርሙ። ዓሊም ሲሞት አብሮት የሚሄደው ኢልሙ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ምስክር ይሄዳል።

አላህ የምንማረውን የሚጠቅመን፣ የሚጠቅመንንም የምንማር ያድርገን። የሸይኾቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን፤ የሄዱትንም ይማርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።